ጃማይካ፦ ስማችን ቀድሞን የደረሰባት ደሴት

በሌክ ሜሪት ደቡባዊ ዳርቻ በ1914 የተሠራ አንድ ትልቅ አዳራሽ ቆሞ ይገኛል። ኖቬምበር 30 ቀን 1979 ምሽት ቦብ ማርሊ ከነባንዱ በዚሁ አዳራሽ መድረክ ላይ ተጫውቶ ነበር። በዚያን ዘመን በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ገና ጥቂት ነበር፤ ቴሌግራፍ ጎዳናም እንደ ዛሬው የእንጀራና የበርበሬ ሽታ የሚያውደው አልነበረም። ታዲያ እኛ በብዛት ሳንመጣ፣ ምግብ ቤት ሳንከፍትና ቤተ ክርስቲያን ሳንተክል የኢትዮጵያ ስም በሐይቁ ዳር በሙዚቃ ይጠራ ነበር ማለት ነው። ይዞት የመጣውም ከአንዲት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የተነሣ ዘፋኝ ነው።

ውድ አንባብያን፣ የዕረፍት ወራት ሲቃረቡ ብዙ ወገኖቻችን በመርከብም ሆነ በአውሮፕላን ወደ ካሪቢያን ለመሄድ ያስባሉ። ሥራ ያደከመው ሰው ባሕርና ፀሐይ ቢናፍቅ አያስገርምም። ነገር ግን ጃማይካ ሲደርሱ ከባሕሩና ከፀሐዩ ሌላ የሚጠብቅዎት ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ መሆንዎን የሰማ ሰው ጥያቄ ይጠይቅዎታል፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ይህ ጽሑፍ የደሴቲቱን ታሪክና ሊጎበኙ የሚገባቸውን ሥፍራዎች ባጭሩ ካቀረበ በኋላ ወደዚያ ጥያቄ ይመለሳል። የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉትን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።

ደሴቲቱ ምን ትመስላለች?

ጃማይካ ከኩባ በስተደቡብ 90 ማይል ያህል ርቃ የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የጣና ሐይቅን ሦስት እጥፍ ያህል ብትሆን ነው። የሕዝቧ ቁጥር ከሦስት ሚሊዮን በታች ነው። ይህ ቁጥር ከአዲስ አበባ ነዋሪ ያንሳል። አገሪቱ በ14 አውራጃዎች የተከፈለች ስትሆን ዋና ከተማዋ ኪንግስተን በደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች። ቱሪስት የሚጎርፍባቸው ሞንቴጎ ቤይ፣ ፋልመዝና ኦቾ ሪዮስ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ኔግሪል ደግሞ በምዕራቡ ጫፍ ይገኛሉ።

ተራራም አላት። ብሉ ማውንቴን የሚባለው ጫፍ 2,256 ሜትር ከፍታ አለው። ለጃማይካውያን ትልቅ ተራራ ነው፤ ለእኛ ግን አዲስ አበባ የተቀመጠችበትን ከፍታ እንኳ አይደርስም። ቢሆንም ጭጋጉ፣ አረንጓዴው ገደልና የቡና ተክሉ ከፋንና ሲዳማን ያየን ሰው ልብ ያባባል።

የደሴቲቱ ስም የመጣው ከጥንት ነዋሪዎቿ ከታይኖዎች ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም የእንጨትና የውኃ ምድር ማለት እንደሆነ ይነገራል። ኮሎምበስ በ1494 ደረሰባት። ከ1509 ጀምሮ ስፔኖች ሰፈሩባት፤ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥም የታይኖ ሕዝብ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቀ። በ1655 እንግሊዞች ደሴቲቱን ከስፔን ቀምተው ለሦስት መቶ ዓመት ገዟት። በዚህ ዘመን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን በመርከብ ሆድ እየተጫኑ መጥተው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ሠርተዋል። የዛሬው ጃማይካዊ በአብዛኛው የነዚህ ሰዎች ልጅ ነው።

የባርነትና የእምቢታ ታሪክ

ጃማይካን በባርነት ታሪኳ ብቻ ማወቅ ግማሹን ማወቅ ነው፤ ሌላው ግማሽ የእምቢታ ታሪክ ነው። ከእርሻ ያመለጡ ባሮች ወደ ተራራው እየሸፈቱ የራሳቸውን መንደር መሥርተው ነበር። ማሩን ይባላሉ። ገደልና ጫካ የሚያውቅ አርበኛ እንዴት እንደሚዋጋ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። እነዚህም በደፈጣ እየመቱ የእንግሊዝን ጦር ለብዙ ዓመት አስቸግረዋል። መልእክት የሚለዋወጡት አቤንግ በሚሉት የከብት ቀንድ ነበር፤ የእኛው ቀንደ መለከት በሌላ ስም ማለት ነው። በመጨረሻ እንግሊዝ በ1739 ከመሪያቸው ከኩድጆ ጋር የሰላም ውል ለመፈረም ተገደደች። የምሥራቁን ማሩኖች የመራችው ናኒ የምትባል ሴት ናት። ጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖቼ ከምትላቸው ሰባት ሰዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት እርሷ ስትሆን ምስሏም በ500 ዶላር ኖታቸው ላይ ታትሟል።

ውሉ ግን መራራ ጎን ነበረው። ማሩኖቹ ነፃነታቸውን ሲያገኙ ከዚያ ወዲያ የሚያመልጡትን ባሮች ለጌቶቻቸው ለመመለስ ተስማምተው ነበር። ጃማይካውያን ይህን ታሪክ አይደብቁም፤ ሲከራከሩበትም ይሰማል።

በ1831 የገና ሰሞን ሳሙኤል ሻርፕ የተባለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ባሮቹ ሥራ እንዲያቆሙ አደራጀ። እንቅስቃሴው ወደ ትልቅ ዓመፅ ተለወጠና ሻርፕ በ1832 በሞንቴጎ ቤይ ተሰቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1834፣ ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ሙሉው ነፃነት የተገኘው ግን ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ነፃ የወጣው ሕዝብ መሬት አልተሰጠውምና በ1865 ፖል ቦግል የሚባል ሌላ ዲያቆን በሞራንት ቤይ ተነሣ፤ እርሱንም ሰቀሉት። ጃማይካ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችው ኦገስት 6 ቀን 1962 ነው።

ኢትዮጵያ የሚለው ስም እንዴት ገባ?

ብዙዎቻችን ጃማይካውያን ኢትዮጵያን ያወቁት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ይመስለናል። ነገሩ ከዚያ በጣም የቀደመ ነው። ጆርጅ ላይል የተባለ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰባኪ በ1780ዎቹ ከአሜሪካ ወደ ኪንግስተን ሄዶ ጉባኤ ሲያቋቁም ተከታዮቹ የኢትዮጵያ ባፕቲስቶች ተብለው ይጠሩ ነበር። ይህ ከዓድዋ ድል አንድ መቶ ዓመት በፊት ነው፤ በእኛ አገር ገና ዘመነ መሳፍንት ነበር። ስሙን ያገኙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዳዊት መዝሙር ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ እጆች የሚናገረውን ቃል የሰማ ባሪያ፣ ጌታው ስምም አገርም የለህም ሲለው፣ በጌታው በራሱ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈ አገር አገኘ።

በ1887 በሰሜኑ ዳርቻ በሴንት አንስ ቤይ የተወለደው ማርከስ ጋርቬይ ይህን ስሜት ወደ ፖለቲካ ለወጠው። በ1914 የመሠረተው ማኅበር በ1920 ኒው ዮርክ ላይ የተቀበለው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር እያለ የሚጠራ ነው። ከዚያም ኖቬምበር 2 ቀን 1930 ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የሥርዓቱ ዜናና ፎቶግራፍ ኪንግስተን ደረሰ። ሌኦናርድ ሃውል የተባለ ሰው ንጉሠ ነገሥቱ መሲሕ ናቸው እያለ መስበክና ምስላቸውን ማደል ጀመረ። የቅኝ ገዢው መንግሥት በ1934 በአድመኝነት ከሶ ሁለት ዓመት አሰረው። ራስ ተፈሪያን የሚባለው እምነት የተወለደው በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ጃማይካውያን ለኢትዮጵያ ለመዝመት እንዲፈቀድላቸው ፊርማ አሰባስበው ለእንግሊዝ መንግሥት አቤት ብለዋል፤ አልተፈቀደላቸውም። ሐኪሙ ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ብዙ ሳይቆይ በኪንግስተን ቅርንጫፎች አበጀ። ከጦርነቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ድጋፍ ምስጋና በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ለፌዴሬሽኑ ሰጡ።

ሁሉም ግን አምላኪ አልነበረም። ራሱ ማርከስ ጋርቬይ ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 አገር ለቀው ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ በጋዜጣው ክፉኛ ነቅፏቸዋል። ንጉሡ ይመስገኑ ወይስ ይነቀፉ የሚለው ክርክር፣ ዛሬም በምግብ ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ ቡና እስኪቀዘቅዝ የሚካሄደው ማለት ነው፣ ጃማይካ ውስጥም ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው አውሮፕላን በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። ሕዝቡ አንድ መቶ ሺህ ይደርስ እንደነበር ይገመታል። ሲዘንብ የነበረው ዝናብ አውሮፕላኑ ሲቃረብ አባራ፤ ሕዝቡ አጥሩንና የክብር ዘቡን አልፎ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሠ ነገሥቱ በበሩ ብቅ ብለው ተመለሱ። መውረድ የቻሉት ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለ የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ተጠርቶ ደረጃውን ወጥቶ ካነጋገራቸው በኋላ፣ ሕዝቡንም መንገድ ልቀቁ ብሎ ካረጋጋ በኋላ ነው።

የዚህን ቀን ትርጉም ለመረዳት ከዚያ በፊት የሆነውን ማወቅ ያሻል። በ1954 ፖሊስ የሃውልን ሰፈር ወርሮ አፈራረሰው። በ1963 በሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በተባለ ሥፍራ ከተነሣ ግጭት በኋላ ራስ ተፈሪያን በያሉበት እየተለቀሙ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ጸጉራቸው በግድ ተላጨ። የጃማይካ መንግሥት ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው። ከኮራል ጋርደንስ ሦስት ዓመት በኋላ ግን እነዚሁ የተናቁ ሰዎች የአገር መሪ በሚቀበልበት ግብዣ ላይ በክብር እንግድነት ተጠሩ። ለዚህ ነው ኤፕሪል 21 ለእነርሱ እስከ ዛሬ በዓል የሆነው። ያን ዕለት ከመንገድ ዳር ቆማ ሠልፉን ያየችው ወጣት ሪታ ማርሊ በዚያው ቀን እምነቷን እንደለወጠች ኋላ ተርካለች።

ከጉብኝቱ በኋላ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1970 በጃማይካ ተመሠረተች። ሥራውን የጀመሩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት ሊቀ ጳጳስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ንጉሡን አታመልክም፤ ለተጠማቂዎቹም ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ቦብ ማርሊ በ1978 ኢትዮጵያን ከጎበኘ በኋላ ኖቬምበር 4 ቀን 1980 ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ። ሜይ 21 ቀን 1981 ኪንግስተን ላይ ሲቀበር ሥርዓተ ፍትሐቱን የመሩት አቡነ ይስሐቅ ነበሩ። በዓለም የታወቀው የሬጌ ሙዚቀኛ የተሸኘው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ምን እንጎብኝ?

ከመርከብ ወርዶ አምስት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ሰው ጃማይካን አየሁ ለማለት ይቸግረዋል። ቢቻል አንድ ሳምንት ይያዙ፤ ሁለት ሦስቱን ቀን ለኪንግስተን ይስጡ።

በኪንግስተን የመጀመሪያው ሥፍራ በሆፕ ሮድ ቁጥር 56 የሚገኘው የቦብ ማርሊ ቤት ነው። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ1976 ነፍሰ ገዳዮች በተኮሱበት ጊዜ የተበሳው ግድግዳ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ራቅ ብሎ ያደገበት የትሬንች ታውን ግቢ አለ፤ አስጎብኚዎቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ብሔራዊ የጀግኖች መናፈሻ የጋርቬይ መቃብር ያለበት ነው፤ በ1940 ለንደን ላይ ሞቶ አስከሬኑ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1964 ነው። በማክስፊልድ ጎዳና የሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ በእሑድ ቢሄዱ ይመረጣል። ከኪንግስተን ሰው አፍ ግእዝ መስማት የትም የማይገኝ ነገር ነው።

ከዚያ ጎን ለጎን ዴቨን ሃውስን ይጎብኙ። በ1881 ይህን ቤት ያሠራው ጆርጅ ስቲብል የመጀመሪያው ጥቁር ጃማይካዊ ሚሊየነር ይባላል። ልጆች ግን ታሪኩን ሳይሆን በግቢው የሚሸጠውን አይስክሬም ያስታውሳሉ፤ አይፈረድባቸውም።

ከኪንግስተን ወደብ ማዶ ፖርት ሮያል አለች። በ17ኛው መቶ ዘመን የባሕር ወንበዴዎች መናኸሪያና እጅግ ባለጸጋ ከተማ ነበረች። ጁን 7 ቀን 1692 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከተማ ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ጠላቂዎች በ20ኛው መቶ ዘመን ከባሕሩ ሥር ያወጡት የኪስ ሰዓት 11:43 ላይ ቆሞ ተገኝቷል። በ2025 ዩኔስኮ ሥፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ቀጥሎ ወደ ብሉ ማውንቴን ይውጡ። ሌሊት ተነሥተው በባትሪ እየተመሩ የሚወጡ ሰዎች ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ላይ ይደርሳሉ። ለእኛ ግን የሚያጓጓው ቡናው ነው። የቡና ችግኝ ጃማይካ የገባው በ1728 በገዢው በኒኮላስ ሎውስ አማካይነት ከማርቲኒክ ደሴት ነው። ወደ ማርቲኒክ የሄደው ከፓሪስ፣ ወደ ፓሪስ ከአምስተርዳም፣ ወደ አምስተርዳም ከጃቫ፣ ወደ ጃቫ ከየመን ነው። ወደ የመን ከየት እንደሄደ ለአንባቢ አንነግርም። ይህ የእኛ ስደተኛ ዛሬ በእንጨት በርሜል ታሽጎ በአብዛኛው ወደ ጃፓን ይላካል፤ በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱም ነው። ስደት ላይ ሆኖ ስም ማውጣት እንደሚቻል ቡናው ራሱ ምስክር ነው።

በሰሜን በሴንት አን አውራጃ ናይን ማይል የምትባለው ገጠር የቦብ ማርሊ የትውልድና የመቃብር ሥፍራ ናት። ከኦቾ ሪዮስ አጠገብ ያለው የደንስ ሪቨር ፏፏቴ ወደ 600 ጫማ ያህል በደረጃ በደረጃ ወደ ባሕር የሚወርድ ነው፤ ጎብኚዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በውኃው ውስጥ ሽቅብ ይወጡታል። በፋልመዝ አጠገብ ደግሞ ሌሊት ሲነኩት ብርሃን የሚረጭ የባሕር ውኃ አለ፤ ብርሃኑ የሚመጣው በውኃው ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን ከማይታዩ ሕያዋን ነው። በምሥራቅ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ የሚኬድበት የቀርከሃ ታንኳ ድሮ ሙዝ የሚጫንበት ነበር፤ የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ልዩነቱንና ዝምድናውን ይመለከታል።

በምዕራቡ ተራራማ አገር አኮምፖንግ የምትባለው የማሩኖች ከተማ በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ቀን የ1739ኙን ውል በከበሮና በአቤንግ ታከብራለች። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ገና ዋዜማ ላይ ይውላል።

ምግቡስ? ጄርክ የሚባለው በቅመምና በቃሪያ ታሽቶ በጭስ የሚጠበስ ሥጋ ከማሩኖች የመጣ ነው ይባላል፤ ሚጥሚጣ የለመደ ሰው አይፈራውም። አኪ የተባለው ፍሬ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ሲሆን ከደረቅ ዓሣ ጋር ይበላል፤ ሳይበስል መርዝ ስለሆነ ከሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ይብሉ። ጿሚ ቢሆኑ ደግሞ የራስ ተፈሪያንን ኢታል ምግብ ይጠይቁ። ሥጋ የሌለው፣ ከአትክልትና ከባቄላ የሚሠራ ስለሆነ ወተት እንዳልገባበት ካረጋገጡ በዓቢይ ጾምም አይቸገሩም።

ሲጠይቁን ምን እንመልስ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ሲሉ አንዱ ያቅፍዎታል፣ አንዱ ስለ ንጉሡ ይጠይቅዎታል፣ ሌላው ስለ ሻሸመኔ ያነሣል። በእርግጥ ከጃማይካ ሕዝብ ራስ ተፈሪያን ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፤ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ስም ከራስ ተፈሪያንም ውጭ በሰፊው የተከበረ ነው።

ከእኛ መካከል ይህን ጥያቄ በሳቅ የሚያልፍ አለ፤ አንድ ሰው ማምለክ አእምሮ ማጣት ነው ብሎ የሚቆጣም አለ። ሁለቱም አይጠቅሙም። ይህን ያህል እውነት ግን መናገር ይቻላል፦ ኪንግስተን ላይ አንድ መቶ ሺህ ሕዝብ እልል ባለበት በ1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ይሞት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአዲስ አበባ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ልጆች ኋላ በእስርና በቀይ ሽብር አለቁ፤ የተረፉት ተሰደዱ፤ ከፊሎቹም ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1975 በደርግ እጅ ሞቱ፤ አፅማቸው ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቶ በክብር የተቀበረው በ2000 ነው። ሪታ ማርሊ በቀብሩ ላይ ተገኝታለች፤ ሌሎች ራስ ተፈሪያን ግን ሞቱን ራሱን አልተቀበሉትም።

ለጃማይካዊው የኢትዮጵያ ንጉሥ ማለት ጥቁር ሰው ሰው መሆኑን የመሰከረ ምልክት ነበር። ለእኛ ንጉሥ ማለት ግብር፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጭሰኝነት፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሁሉም ነው። አንዱ ሌላውን ለማረም ከመነሣቱ በፊት ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል። ያንን የያዙበት ዋጋ እስር፣ ዱላና ንቀት እንደነበር ስናውቅ ደግሞ ሳቁ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

ስለ ሻሸመኔ ሲጠይቁን ግን ነገሩ ይከብዳል። ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች ሸጠው ለውጠው ወደ ኢትዮጵያ የሄዱት ሰዎች የተሰጣቸው መሬት በ1975ቱ የደርግ የመሬት አዋጅ አብዛኛው ተወሰደ። የቀሩት እዚያው ኖሩ፤ ልጅ ወለዱ፤ ልጆቹም ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። የመኖሪያ መታወቂያ መስጠት የተጀመረው በ2017 ነው፤ እርሱም ዜግነት አይደለም። እኛ እዚህ አገር ግሪን ካርድ ባገኘን በአምስት ዓመታችን ዜግነት እንጠይቃለን፤ መልሱ ስድስት ወር ቢዘገይ ጠበቃ እንይዛለን። ወረቀት አልባ መሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ ሥራ ለመቀጠርም ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባትም እንዴት እንደሚያሳቅቅ የስደተኛ ማኅበረሰብ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ሻሸመኔ ሰዎች መጠየቅና መናገር ሲገባው ዝም ማለቱ ያሳዝናል።

ሌላም ነገር አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አቢሲንያንስ የተባለው የኪንግስተን የሙዚቃ ቡድን ምስጋና ለማለት ታስቦ የተሰየመ ዘፈን ሲሠራ የአማርኛ ቃላት አስገብቶበታል። ዛሬም ፊደል የሚቆጥሩና አማርኛ የሚማሩ ራስ ተፈሪያን አሉ። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ቅዳሜ ጧት አማርኛ ለማስተማር ስንቀሰቅስ ስንት ልመና እንደምንለምን እናውቃለን። እነዚህን ልጆች ወደ ጃማይካ ይዞ መሄድ ከብዙ ምክር ይበልጣል። የአገራቸውን ስም ሌላ ሰው በፍቅር ሲጠራው ይስሙ።

ከመነሣትዎ በፊት

የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው በፓስፖርቱ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄድ ግን ትኬት ከመግዛቱ በፊት ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ከጃማይካ ቆንስላ ይጠይቅ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው የቅድሚያ ፈቃድ ሳያገኝ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ስለሚችል ጠበቃውን ሳያማክር አይነሣ።

በጃማይካ ከ2015 ጀምሮ ትንሽ መጠን ያለው ጋንጃ መያዝ እንደ ወንጀል አይቆጠርም። ይህ ማንንም እንዳያታልል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው፤ ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ በዚህ ሰበብ ግሪን ካርዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ክፉኛ መትቷል። ስለዚህ ወደነዚያ አካባቢዎች የሚሄድ ሰው ሆቴሉና መንገዱ መከፈታቸውን አስቀድሞ ያረጋግጥ። የተጎዳ አገር መጎብኘት ለነዋሪው እንጀራ ነውና ግን አይቅሩ። መኪና የሚከራዩ ከሆነ በግራ በኩል እንደሚነዳ አይርሱ። ከኪንግስተን የድሃ ሰፈሮች ወደ አንዳንዶቹ ያለ አስጎብኚ መግባት አይመከርም።

ሻንጣዎ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡና ይያዙ፤ ብሉ ማውንቴን ላይ ለሚያስተናግድዎት ገበሬ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። ስምዎን ሲጠይቁዎትም አሳጥረው ወይም ፈረንጅኛ አድርገው አይንገሯቸው። ሙሉውን ከነትርጉሙ ይንገሯቸው፤ ጊዜ ወስደው ያዳምጥዎታል።

መልካም ጉዞ።